ፓክ ራት፦ ሞተር ውስጥ ጎጆ የሚሠራው የበረሃ አይጥ

ፊኒክስ፣ ቱሳን ወይም ላስ ቬጋስ አካባቢ የምትኖሩ ከሆነ ይሄ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። ጠዋት ለሥራ ስትወጡ መኪናው አልነሳም ካለ፣ ኮፈኖውን ስትከፍቱ ደግሞ ሞተሩ ላይ ጭራሮና የቁልቋል እሾህ ተቆልሎ ካገኛችሁ፣ ጎረቤት ተንኮል አልሠራባችሁም። ፓክ ራት ነው።

በኡበርና በሊፍት ለሚሠራ ሰው ነገሩ ቀልድ አይደለም። መኪናው ጋራዥ በቆመ ቁጥር ገቢ የለም። የተቆራረጠ የሞተር ሽቦ ማስቀየር ደግሞ ብዙ መቶ ዶላር፣ አንዳንዴም ከሺህ በላይ ያስወጣል። ስለዚህ እንስሳው ምን እንደሆነ፣ ምን ፈልጎ እንደሚመጣና እንዴት እንደሚሸኝ አንድ በአንድ እንይ።

ፓክ ራት ምንድነው?

የሳይንስ ስሙ ኒዮቶማ ነው። ከ20 በላይ ዝርያዎች አሉት፤ የሚኖረውም በሰሜንና በመካከለኛው አሜሪካ ብቻ ነው። አገር ቤት የምናውቀው የቤት አይጥ አይደለም። ጆሮው ትልቅ፣ ሆዱ ነጭ ሲሆን ጅራቱ ፀጉር አለው። የከተማ አይጥ ጅራት መላጣ መሆኑን ካስታወሳችሁ ሁለቱን ለመለየት አትቸገሩም። በአሪዞና በረሃ በብዛት ያለው ነጭ ጉሮሮ የሚባለው ዝርያ ሲሆን፣ ክብደቱ ከ300 ግራም አያልፍም።

የሚንቀሳቀሰው ሌሊት ነው። ውኃ ፍለጋ አይንከራተትም፤ ከቁልቋል የሚያገኘው እርጥበት ይበቃዋል። በተለይ በለስ የሚያፈራው ቁልቋል ምግቡም፣ መጠጡም፣ የቤቱ አጥርም ነው።

«ፓክ ራት» ያሰኘው ዕቃ የመሰብሰብ አመሉ ነው። ጭራሮ፣ እሾህ፣ አጥንት፣ የደረቀ እበት፣ ቆርኪ፣ ቁልፍ፣ የሚያብረቀርቅ ነገር ካገኘ ይዞ ይሄዳል። መንገድ ላይ የተሻለ ነገር ካየ የያዘውን ጥሎ አዲሱን ያነሳል። በዚህ የተነሳ «ነጋዴው አይጥ» የሚሉትም አሉ። ቁልፋችሁን ወስዶ የቁልቋል ቁራጭ ቢተውላችሁ፣ በእሱ ሒሳብ ንግዱ ፍትሐዊ ነው።

ጎጆው ለምን ይሄን ያህል ትልቅ ሆነ?

ከቁልቋል ሥር ወይም ከድንጋይ መሐል የሚሠራው ክምር ከአንድ ሜትር በላይ ከፍታ ሊኖረው ይችላል። የውጩ እሾህ ካዮቲን ይከለክላል፣ ውስጡ ደግሞ ከበረሃው ሙቀት ይከላከላል። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጎጆ ውስጥ የሚኖረው አንድ አዋቂ አይጥ ብቻ ነው፤ እናት ከሆነች ከልጆቿ ጋር።

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ባለቤቱ ሲሞት ጎጆው ባዶ አይቀርም፤ ሌላ አይጥ ይገባበታል። ከዚያ ደግሞ ሌላ። ተመራማሪዎች በዋሻና በድንጋይ ጥላ ሥር ያገኟቸው አንዳንድ የፓክ ራት ክምሮች ከ40,000 ዓመት በላይ ዕድሜ አላቸው። የአይጡ ሽንት ሲደርቅ እንደ ሙጫ ጠጥሮ ቅጠሉንና ፍሬውን ሳይበሰብስ ያቆየዋል። ሳይንቲስቶች ዛሬ በረሃ በሆነው ምድር ላይ ድሮ ምን ዓይነት ዛፍ ይበቅል እንደነበር የሚያጠኑት ይሄንን ክምር እየፈቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1849 ወርቅ ፍለጋ በኔቫዳ ሲያልፉ የተራቡ መንገደኞች ከረሜላ የሚመስል ነገር አግኝተው በሉ፤ ጣፋጭ ነው አሉ፣ ቀጥሎ ሆዳቸው ታወከ። የበሉት ይሄንኑ የደረቀ ክምር ነበር።

ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ግልጽ ነው፦ አይጡን ገድላችሁ ጎጆውን ከተዋችሁት የገደላችሁት ተከራዩን ብቻ ነው። ቤቱ አሁንም ክፍት ነው።

መኪና ውስጥ ምን ይሠራል?

ሞተር ጨለማ ነው፣ በክረምት ሌሊት ሞቅ ይላል፣ ጉጉትና እባብም በቀላሉ አይደርሱበትም። ለአይጥ ምቹ ቤት ነው። የፊት ጥርሱ ዕድሜውን ሙሉ ስለሚያድግ የሆነ ነገር መቆርጠም አለበት፤ ሽቦው ደግሞ እዚያው አጠገቡ ነው።

«የአዳዲስ መኪኖች ሽቦ ልባስ ከአኩሪ አተር ስለሚሠራ ነው» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። አይጥ ግን አኩሪ አተሩ ከመምጣቱ በፊትም ሽቦ ይቆርጥ ነበር። ስለዚህ መኪናችሁ አሮጌ ስለሆነ ብቻ አትዘናጉ።

ጤና ላይስ?

ሦስት ነገሮችን እወቁ።

አንደኛ፣ ኪሲንግ በግ። ደም የሚመጥ፣ ከትኋን ተለቅ ያለ ነፍሳት ነው፤ የፓክ ራት ጎጆ ውስጥ ይራባል። በአሪዞና በተለይ ከሜይ እስከ ጁላይ እየበረረ ወደ ቤት መብራት ይመጣል። ቻጋስ የተባለውን በሽታ የሚያመጣ ተሕዋስ ሊይዝ ይችላል፤ በአሜሪካ ውስጥ በዚህ መንገድ ወደ ሰው የሚተላለፈው ግን ከስንት አንዴ ነው። በአካባቢው የበለጠ የሚያሰጋው አለርጂው ነው። ከተነከሳችሁ በኋላ ፊት ወይም ጉሮሮ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ሳትጠብቁ 911 ደውሉ።

ሁለተኛ፣ ሃንታ ቫይረስ። እ.ኤ.አ. በ1993 ኒው ሜክሲኮ፣ አሪዞና፣ ኮሎራዶና ዩታ በሚገናኙበት አካባቢ ሰው ሲገድል ነው በአሜሪካ በደንብ የታወቀው። በ2025 የተዋናዩ ጂን ሃክማን ባለቤት ሳንታ ፌ በሚገኘው ቤታቸው ሕይወታቸው ያለፈው በዚሁ በሽታ ነው። ዋናው ተሸካሚ ዲር ማውስ የምትባለው ትንሽ አይጥ ናት እንጂ ፓክ ራት አይደለም። ግን ሜዳ ላይ ያገኛችሁት የደረቀ ዐይነ ምድር የማን እንደሆነ በዓይን መለየት ከባድ ነው። ሳንባ ላይ ከደረሰ ከታመሙት ውስጥ 38 በመቶ ገደማ ይሞታሉ፤ ስለዚህ ሁሉንም እንደ አደገኛ ቁጠሩት።

ሦስተኛ፣ እባብ። ራትልስኔክ የሚባለው ጅራቱን የሚያንሿሿ መርዛማ እባብ አይጡን ሊበላ፣ ወይም ከሙቀት ሊጠለል ጎጆው ውስጥ ይገባል። ጊንጥም አይጠፋም። ክምሩ ውስጥ እጅ መክተት ፈጽሞ ክልክል ነው።

እንዴት ይወገዳል? በቅደም ተከተል

1. ጎጆውን ፈልጉ። አይጡ ከጎጆው ብዙ አይርቅም። ከቤት ጀርባ፣ ቁልቋል ሥር፣ ማገዶ ክምር ውስጥ፣ ኤሲው ሥር፣ የቆመ መኪና ውስጥ እዩ። ክምሩ ላይ አዲስ የተቆረጠ የቁልቋል ቁራጭ ካለ አይጡ ቤቱ ነው።

2. መጀመሪያ አይጡን ያዙ። ጎጆውን አፍርሳችሁ አይጡን ሜዳ ላይ ከተዋችሁት በዚያው ሌሊት ሌላ መጠለያ ይፈልጋል፤ ቅርብ ያለው ደግሞ መኪናችሁ ሊሆን ይችላል። ሸንቅጦ የሚገድለውን ወጥመድ የለውዝ ቅቤ ቀብታችሁ ጎጆው አጠገብ አስቀምጡ። ልጅ፣ ውሻና ወፍ እንዳይነካው በሳጥን ከልሉት፤ ጠዋት ጠዋት እዩት።

3. ከዚያ ጎጆውን አፍርሱ። ጓንትና ማስክ አድርጉ፣ ረጅም እጀታ ያለው ሬክ ተጠቀሙ። አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ በጥብጡና ክምሩን አርጥቡት፤ ከዚያ በፕላስቲክ ከረጢት አስራችሁ ጣሉ። ምንም እንዳይቀር፤ የቀረ ጭራሮ ለሚቀጥለው አይጥ መሠረት ይሆነዋል።

4. ጋራዥ ወይም ስቶር ውስጥ ከሆነ አትጥረጉ፤ ቫኪዩምም አታድርጉ። መጥረጊያ ቫይረሱን ከአቧራው ጋር አየር ላይ ያነሳዋል። በሩን ከፍታችሁ 30 ደቂቃ አናፍሱ፣ የበረኪናውን ውኃ ረጭታችሁ 5 ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ በሶፍት አንሱት።

5. መግቢያ ዝጉ። ሃርድዌር ክሎዝ የሚባለውን ወንፊት ሽቦ፣ ቀዳዳው ከሩብ ኢንች (6 ሚሊ ሜትር ገደማ) ያልበለጠውን ግዙ። አረፋና ፕላስቲክ ይቆረጥመዋል።

6. ግቢውን አጽዱ። ማገዶ፣ አሮጌ ዕቃ፣ ቤት ጥግ የበቀለ ቁልቋል፣ ውጭ ያደረ የውሻ ምግብ፣ የወፍ መመገቢያ፤ እነዚህ ሁሉ ግብዣ ናቸው።

አገር ቤት «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» የሚባለው ያለ ጥፋቱ ለተቀጣ ነው። ፓክ ራት ላይ ግን ተረቱ ይገለበጣል፦ መመታት ያለበት ዳዋው ራሱ ነው።

መኪናውን በተመለከተ

ጋራዥ ካላችሁ አስገቡትና በሩ ሥር ክፍተት እንዳይኖር አድርጉ። ከሌላችሁ ሌሊት ኮፈኖውን ከፍቶ ማሳደር ይረዳል፤ ጨለማና ሙቀቱ ይቀርበታል። ቱሳን ውስጥ ሌሊት መኪና ሥር መብራት አብርተው የሚያሳድሩ ሰዎች ታያላችሁ፤ ምክንያቱ ይሄው ነው። ብርሃን ብቻውን ግን ዋስትና አይሆንም። መኪናውን ሳምንታት ሳታንቀሳቅሱ አታቁሙ፤ በየጥቂት ቀኑም ኮፈኖውን ከፍታችሁ እዩ። አንድ ጭራሮ ስታዩ መጀመር፣ ሙሉ ጎጆ እስኪሆን ከመጠበቅ ይሻላል።

የሚገርመው ነገር ሆንዳ ለሽቦ መጠቅለያ የሚሆን በካፕሳይሲን የተነከረ ቴፕ ይሸጣል። ካፕሳይሲን ማለት ሚጥሚጣን የሚያስቃጥለው ንጥረ ነገር ነው። ቴፑ ይረዳል፤ የእናታችሁን ሚጥሚጣ ሞተር ላይ መበተን ግን ትርፉ ማስነጠስ ነው።

ገንዘብ የማታባክኑባቸው

የሚጮኽ የኤሌክትሪክ መሣሪያ፣ የናና ዘይት፣ ናፍታሊን። አይጡ ቢሸሽ እንኳን ለጥቂት ቀን ነው፤ ይለምደዋል።

መርዝ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። መርዝ የበላው አይጥ ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ይሞትና ይሸታል። የተመረዘውን አይጥ የበላ ጉጉት፣ ጭልፊት ወይም ቦብካትም ይመረዛል፤ እነሱ ሲያልቁ ደግሞ አይጡ ይበዛል። ከነነፍሱ ይዞ ራቅ ያለ ቦታ መልቀቅም ደግነት ይመስላል እንጂ፣ ጎጆ የሌለው አይጥ ብዙውን ጊዜ በማያውቀው በረሃ አይተርፍም።

ኢንሹራንሳችሁን ዛሬ እዩ

አይጥ የቆረጠውን ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ የሚሸፍነው «ኮምፕሪሄንሲቭ» የሚባለው ክፍል ነው። ላያብሊቲ ብቻ ያለው ሰው ከኪሱ ይከፍላል። ኮምፕሪሄንሲቭ ቢኖራችሁም ዲዳክቲብሉ የእናንተ ነው። ውላችሁን አሁን ክፈቱና አረጋግጡ፤ ሽቦው ከተቆረጠ በኋላ መግዛት አይሠራም። ጉዳት ከደረሰ ሳታጸዱ ፎቶ አንሱ። ተከራይ ከሆናችሁም ጎጆውን ፎቶ አንስታችሁ ለአከራዩ በጽሑፍ አሳውቁ፤ በቃል የተነገረ ነገር ይረሳል።

በአጭሩ፦ ያዙ፣ አፍርሱ፣ ዝጉ፣ አጽዱ። አንዱን ከዘለላችሁ በሚቀጥለው ወር እንደ አዲስ ትጀምራላችሁ። በረሃ አካባቢ መኪና ውጭ የሚያሳድር ጓደኛ ካላችሁ ሼር አድርጉለት።