በመስተዋት ላይ የተጻፈ መንገድ

በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው፥ ፍጥነቱን ወይም ካርታውን ለማየት ዓይኑን ለአንዲት ሰከንድ ብቻ ዝቅ ቢያደርግ፥ 28 ሜትር ያህል መንገድ ሳያይ ያልፋል፤ በዚያች 28 ሜትር ውስጥም ኳሱን ተከትሎ የሚወጣ ሕፃን ሊኖር ይችላልና፥ የሰው ልጅ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል የሚሻውን ዕውቀት ማግኘት የሚችልበትን ጥበብ ሲመረምር የኖረው በከንቱ አይደለም።

የዚህ ጥበብ ሥር የሚገኘው ግን ከመኪና ሳይሆን ከጦር መሣሪያ ነው። የደብሊኑ የመነጽር ሊቅ ሃዋርድ ግሩብ እ.ኤ.አ. በ1900፥ በብርሃን የተሳለ ምልክት ዘንበል ብሎ በቆመ መስተዋት ላይ ተንጸባርቆ ከሩቁ ዒላማ ጋር ባንድነት የሚታይበትን ማነጣጠሪያ አስገኘ፤ ምሥጢሩም የምልክቱ ጨረሮች በሌንስ አልፈው ትይዩ ስለሚሆኑ፥ ዓይን ምልክቱን ከሩቅ እንደ መጣ አድርጎ መቀበሉ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተዋጊ አብራሪዎች በዚህ ብርሃን ሲያነጣጥሩ ቆዩ፤ በ1958 መጀመሪያ የበረረውና ከባሕር ገጽ ብዙም ሳይርቅ እንዲገሠግሥ የታቀደው የእንግሊዙ ቡካኒር አውሮፕላን ደግሞ፥ አብራሪው አንገቱን ለመድፋት ጊዜ ስለማይኖረው፥ የበረራውን ምልክት ከፊቱ በመስተዋት ላይ የሚያነብበት መሣሪያ ተሠራለት።

ጄኔራል ሞተርስ በ1985 የአውሮፕላን መሣሪያ ሠሪውን ሂዩዝን ከገዛ በኋላ፥ ይኸው ጥበብ ከሰማይ ወደ ምድር ወረደ፤ በ1988 የኢንዲያናፖሊስን እሽቅድምድም በመሩት የኦልድስሞቢል መኪኖች የፊት መስተዋት ላይም ፍጥነት በብርሃን ተጻፈ። መንገድን የማመልከት ሥራ በበኩሉ ሌላ ጎዳና ይዞ ነበር፤ በ1981 የጃፓኑ ሆንዳ፥ የመኪናን መታጠፍ በጋዝ ፍሰት እየለካ ቦታውን በግልጽ ፊልም ካርታ ላይ የሚያሳይ መሣሪያ አወጣ፤ አሜሪካም በግንቦት 2000 የጂፒኤስን ምልክት ለሕዝብ ሆን ብላ ማደብዘዟን በተወች ጊዜ፥ የአቅጣጫ ማሳያ ትክክለኛነት እጅግ ላቀ። ሁለቱ ጎዳናዎች የተገናኙት በአዲሱ ምዕት ዓመት መባቻ ነው፤ የታጠፈች ቀስት ከመኪናው አፍንጫ በላይ በአየር ላይ የተንጠለጠለች መስላ መታየት ጀመረች።

የመኪናው የፊት መስተዋት ግን ሁለት ገጽ ስላለው እያንዳንዱ ገጽ የየራሱን ምስል ይመልሳል፤ ምስሉም ጥላ ያለው ይሆናል። ስለዚህ ሊቃውንቱ የፊት መስተዋቱ በተነባበረባቸው በሁለቱ መስተዋቶች መካከል የሚገባውን የፕላስቲክ ሽፋን ከላይ ወፍራም ከታች ቀጭን አድርገው በመሥራት ሁለቱን ምስሎች አንድ አደረጓቸው። በ2020 የወጣው የመርሴዲስ ኤስ ክላስ ደግሞ ቀስቷን 10 ሜትር ያህል ወደ ፊት አርቆ በራሱ በመንገዱ ላይ የተነጠፈች አስመሰላት።

ነገር ግን ዓይን ባለበት ሁሉ ልቡና አይገኝም። በ1980 የአሜሪካው ናሳ ባወጣው ጥናት፥ በበረራ ማስመሰያ ውስጥ ከመስተዋቱ ላይ እያነበቡ ከሚያርፉት አብራሪዎች አንዳንዶቹ፥ በማረፊያው ሜዳ ላይ የቆመውን ሌላ አውሮፕላን፥ ዓይናቸው ወደዚያው ተተክሎ ሳለ፥ ሳያዩት ቀሩ። እንግዲህ መስተዋቱን በመልእክትና በጥሪ፥ በዜናና በሥዕል መሙላት፥ ግሩብ የከፈተውን መስኮት መልሶ መጋረድ ይሆናል፤ መልካሟ ቀስት በመታጠፊያው ተገልጣ፥ ነጂው በታጠፈ ጊዜ መንገዱን ለዓይኑ ለቅቃ የምትሰወረው ናት።