«ማፋጠኛ ካርድ» ምን ያፋጥናል? የአንድ ስያሜ ታሪክ በዱሮ የቤት ኮምፒዩተሮች

1. መነሻ

የሙያ ቃል ወደ አማርኛ በሚመለስበት ጊዜ ተርጓሚው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው የባዕዱን ቃል ፍቺ መከተል ነው፤ ሁለተኛው ቃሉ የተሰጠውን ዕቃ መርምሮ ማወቅ ነው። ሁለቱ መንገዶች አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቦታ ስለሚያደርሱ ልዩነታቸው አይታሰብም። ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ስሙና ዕቃው ሳይስማሙ ሲቀሩ ነው። በእንግሊዝኛ «አክሰለሬተር ካርድ» የተባለው ስያሜ ከእንደዚህ ዓይነቶቹ አንዱ ስለሆነ፣ ታሪኩን በአጭሩ ተከትለን ለቃል አውጪ የሚሰጠውን ትምህርት ለማመልከት እንሞክራለን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ግን ስለ አንድ ቅጽል መናገር ይገባል። ዛሬ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የተሠሩትን የቤት ኮምፒዩተሮች የሚጠግኑና የሚያሻሽሉ ብዙ ሰዎች አሉ። እነዚህን መሣሪያዎች «አሮጌ» ብንላቸው አልቀው የተጣሉ ይመስላሉ፤ «ጥንታዊ» ብንላቸው ደግሞ ከሐውልትና ከብራና ጋር ይቈጠራሉ። «የዱሮ ዘፈን» ስንል ዘመኑ ማለፉንም ፍቅሩ አለማለፉንም በአንድነት እንደምንገልጽ ሁሉ፣ ለእነዚህም «የዱሮ» የሚለው ይስማማል ብለን ወስነናል።

2. የመጀመሪያዎቹ ካርዶች

አፕል 2 የተባለው ኮምፒዩተር በ1977 ለገበያ ቀረበ። ማዕከላዊ ማቀነባበሪያው (ፕሮሰሰሩ) 6502 ሲሆን፣ የሚሠራውም በ1 ሜጋኸርዝ ገደማ፣ ማለትም በሴኮንድ አንድ ሚሊዮን ያህል ምት ነበር። በዋናው ሰሌዳ ላይ ተጨማሪ ካርዶች የሚሰኩባቸው ስምንት ማስገቢያዎች ስለነበሩት ለማሻሻል የተመቸ ነበር። በ1980 ማይክሮሶፍት ሶፍትካርድ የተባለውን ካርድ አወጣ። በካርዱ ላይ ዚ-80 የተባለ ሌላ ማቀነባበሪያ ነበር። ይሁን እንጂ የካርዱ ዓላማ ፍጥነት አልነበረም፤ አፕል 2 የማያውቃቸውን፣ ለሲፒ/ኤም የተጻፉ ፕሮግራሞች እንዲያስኬድ ማስቻል ነበር። በቋንቋ ምሳሌ እንናገር ካልን፣ መሣሪያው ሁለተኛ ቋንቋ ተማረ እንጂ ንግግሩን አላፈጠነም። ስለዚህም «አክሰለሬተር» አልተባለም።

በ1986 አፕላይድ ኢንጂነሪንግ የተባለው ኩባንያ ትራንስዋርፕ የተሰኘውን ካርድ ለዚያው ለአፕል 2 ቤተሰብ አቀረበ። ይህ ካርድ በ3.6 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ማቀነባበሪያና የራሱን ማህደረ ትውስታ የያዘ ነበር። በዋናው ሰሌዳ ላይ ያለው ማህደረ ትውስታ በዚህ ፍጥነት ሊከተለው ስለማይችል የራሱን ይዞ መምጣቱ ግዴታ ነበር። ስያሜው በዚህ ላይ በትክክል ያረፈ ይመስላል። ሆኖም አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። የአፕል 2 ዲስክ ማንበቢያ መረጃውን የሚያነበው ፕሮግራሙ ምቶችን እየቈጠረ በሚጠብቀው ጊዜ ነው፤ ማቀነባበሪያው ቢፈጥን ቈጠራው ይሳሳታል፤ ዲስኩም አይነበብም። ስለዚህ ካርዱ ዲስክ በሚነካበት ጊዜ ወደ ዱሮው 1 ሜጋኸርዝ እንዲመለስ ሆኖ ተሠራ። ስሙ የሚናገረው ማፍጠኑን ብቻ ነው፤ ጥበቡ ግን መቼ መፍጠን እንደሌለበት ማወቁም ነበር።

3. አሚጋና ሦስቱ የማህደረ ትውስታ ስሞች

የኮሞዶር ኩባንያ አሚጋ 1000ን በ1985፣ አሚጋ 500ን በ1987 አወጣ። ማቀነባበሪያቸው ሞቶሮላ 68000 ሲሆን፣ ለአውሮፓ በተሠሩት ላይ በ7.09 ሜጋኸርዝ ይሠራል። የአሚጋ ልዩነቱ ሥዕልና ድምፅ የሚያወጡ የራሳቸው ቺፖች ያሉት መሆኑ ነው። እነዚህ ቺፖችና ማቀነባበሪያው በአንድ ማህደረ ትውስታ በተራ ይጠቀማሉ፤ ቺፖቹ ሥራ ሲበዛባቸው ማቀነባበሪያው ተራውን ይጠብቃል። ይህን የጋራ ስፍራ እንግሊዝኛው «ቺፕ ራም» አለው። ቺፖቹ የማይደርሱበትን፣ ማቀነባበሪያው ብቻውን የሚጠቀምበትን ደግሞ «ፋስት ራም» አለው።

ተርጓሚው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። «ፋስት» የሚለውን ይዞ «ፈጣን ማህደረ ትውስታ» ቢል በፍቺው አልተሳሳተም። ዳሩ ግን ማህደረ ትውስታው ከሌላው በላይ ፈጣን ሆኖ መሠራቱ አይደለም ስሙን ያሰጠው፤ ተራ የማይጠበቅበት መሆኑ ነው። ለዚህም ማስረጃው ሦስተኛው ስም ነው። በአሚጋ 500 ሆድ ሥር ባለው ክዳን የሚገባው 512 ኪሎባይት ተጨማሪ ማህደረ ትውስታ፣ ቺፖቹ የማይጠቀሙበት ሲሆን፣ የተዘረጋበት መስመር ግን የጋራው ስለሆነ ማቀነባበሪያው እዚያም ተራ ይጠብቃል። ይህን ተጠቃሚዎቹ «ስሎው ራም» ብለው ጠሩት። «ቺፕ» የባለመብቱ ስም ነው፤ «ፋስት» እና «ስሎው» ግን ሁኔታው ያስከተለው ውጤት ስሞች ናቸው። ስያሜዎቹ ከአንድ መሠረት አልተነሡም።

በ1992 የወጣው አሚጋ 1200 ደግሞ ነገሩን ይበልጥ ያጐላዋል። ይህ መሣሪያ 68EC020 የተባለ፣ በ14 ሜጋኸርዝ ገደማ የሚሠራ ማቀነባበሪያ፣ ሁለት ሜጋባይት የጋራ ማህደረ ትውስታም ነበረው። ምንም ማቀነባበሪያ የሌለበት፣ ማህደረ ትውስታ ብቻ የያዘ ካርድ ሲገባለት የማቀነባበሪያው ሥራ በግምት እጥፍ ይፈጥናል፤ ምክንያቱም ማቀነባበሪያው ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱን ስፍራ አገኘ። እንግዲህ ይህ ካርድ በሥራው ማፋጠኛ ነው፤ በእንግሊዝኛው ልማድ ግን «አክሰለሬተር» አይባልም፤ «የማህደረ ትውስታ ማስፋፊያ» ነው የሚባለው። ስሙን የሚያገኘው፣ የጀርመኑ ፌዝ 5 ኩባንያ እንደሠራው እንደ ብሊዛርድ 1230 ያለ፣ 68030 የተባለውን ማቀነባበሪያ የያዘ ካርድ ነው። ከዚህ የምንረዳው፣ ስያሜው የሚለካው በማፋጠኑ ሳይሆን አዲስ ማቀነባበሪያ በማምጣቱ መሆኑን ነው።

4. የዛሬዎቹ ካርዶች

ኮሞዶር በሚያዝያ 1994 ከሰረ። ተጠቃሚዎቹ ግን መሣሪያውን አልተዉትም። በ2010ዎቹ ቫምፓየር የተባለው ካርድ ቀረበ። በላዩ ያለው ውስጣዊ አደረጃጀቱ ከተሠራ በኋላ በፕሮግራም የሚወሰን ቺፕ (ኤፍ.ፒ.ጂ.ኤ.) ነው። በቺፑ ላይ የተቀረጸውን ማቀነባበሪያ ሠሪዎቹ 68080 አሉት። ሞቶሮላ እንዲህ ያለ ማቀነባበሪያ ሠርቶ አያውቅም፤ የእርሱ ተከታታይ በ68060 አብቅቷል፤ 68070 የሚለውንም ቍጥር ፊሊፕስ ተጠቅሞበታል። ቍጥር እንኳ የዘር ሐረግ መቈጠሪያ ሊሆን እንደሚችል፣ አዲሱ የአባቶቹን ስም ይዞ እንደሚመጣ ከዚህ እናያለን።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ፒስቶርም በአሠራሩ ጨርሶ የተለየ ነው። የአሚጋ 500 ማቀነባበሪያ ከሶኬቱ ይነቀልና በቦታው ራዝቤሪ ፓይ የተባለውን ትንሽ ኮምፒዩተር የሚሸከም ሰሌዳ ይገባል። የራዝቤሪ ፓይ ማቀነባበሪያ የኤ.አር.ኤም. ዘር ስለሆነ የ68000ን ትእዛዞች አያውቅም። በመካከላቸው አስታራቂ ፕሮግራም ያስፈልጋል። መጀመሪያ ላይ የዋለው ሙሳሺ የተባለው ፕሮግራም እያንዳንዱን ትእዛዝ በመጣ ቍጥር አንብቦ ይፈጽማል፤ ያው ትእዛዝ ሺህ ጊዜ ቢመለስ ሺህ ጊዜ ያነበዋል። ኋላ የተተካው ኢሙ68 ግን የትእዛዞቹን ምድብ አንድ ጊዜ ወደ ኤ.አር.ኤም. ቋንቋ መልሶ ያስቀምጣል፤ ሲደገሙ የተመለሰውን ያቀርባል። የመጀመሪያው የሸንጎ አስተርጓሚ ነው፤ ሁለተኛው የጽሑፍ ተርጓሚ ነው። አዲሱ ከፊተኛው እጅግ የሚፈጥነውም ስለዚሁ ነው።

ሆኖም ይህ ሁሉ ፍጥነት ወደ ዋናው ሰሌዳ ሲወርድ ይቆማል። የሥዕሉና የድምፁ ቺፖች እንደ ቀድሞው ናቸው፤ የጋራው መስመርም ያው የዱሮው ነው። በሴኮንድ ከቢሊዮን በላይ ምት ያለው ማቀነባበሪያ ወደ ቺፖቹ ሲደርስ በ7 ሜጋኸርዝ መስመር ተራ ይጠብቃል። ጊዜያቸውን በማቀነባበሪያው ፍጥነት የለኩ የዱሮ ጨዋታዎችም በአዲሱ ላይ ልካቸውን ይስታሉ። እንግዲህ ፈጠነ የተባለው ኮምፒዩተሩ አይደለም፤ አንዱ ክፍሉ ተተካ፣ የቀረው በነበረበት ኖረ።

5. ስለ አማርኛው ስያሜ

«አክሰለሬተር» ከላቲኑ «ፈጠነ» ከሚለው ቃል የመጣ ነው። ፈረንሳይኛው «ካርት አክሴሌራትሪስ» ሲል ፍቺውን ተከትሏል። ጀርመንኛው «ቱርቦካርተ» ሲል ቃሉን ከሞተር ሙያ ወስዷል። በአማርኛ ከ«አፋጠነ» ሁለት ስሞች ይወጣሉ። «አፋጣኝ» የሚለው ግን በ«አፋጣኝ መልስ» እንደምናውቀው አስቸኳይ የሚለውን ፍቺ ስለያዘ «አፋጣኝ ካርድ» ቢባል አስቸኳይ ካርድ ይመስላል። የመሣሪያ ስም የሆነው «ማፋጠኛ» የተሻለ ነው።

ይሁን እንጂ የራሳችን ሰዎች ለመኪናው አክሰለሬተር ያወጡትን ስም እናስታውስ። «ነዳጅ መስጫ» ነው ያሉት። ይህ ስም ፍጥነትን አያነሣም፤ እግር ሲጫነው ምን እንደሚሆን ይናገራል። ሾፌሩና መካኒኩ የቃሉን ፍቺ ሳይሆን የዕቃውን ሥራ አዩ። እኛም በዚሁ መንገድ ብንሄድ የሚከተለውን እናቀርባለን።

ሀ) ማቀነባበሪያ ይዞ የሚመጣው ካርድ በጠቅላላው «ማፋጠኛ ካርድ» ቢባል፣ በቴክኒክ መግለጫ ውስጥ ግን «ተተኪ ማቀነባበሪያ ካርድ» ቢባል፤

ለ) «ቺፕ ራም» «የጋራ ማህደረ ትውስታ»፣ «ፋስት ራም» «የግል ማህደረ ትውስታ» ቢባሉ፤ «ስሎው ራም» ደግሞ «በጋራ መስመር ያለ ማህደረ ትውስታ» ቢባል፤

ሐ) አንዱን ማቀነባበሪያ በሌላው ላይ የሚያሠራው ፕሮግራም (ኢሙሌተር) «አስመሳይ» ከመባል ቢጠበቅ፤ ቃሉ በአማርኛ የግብዝነት ስድብ ስለሆነ «ወካይ ፕሮግራም» የሚለው ይቀላል።

በዚህ ላይ ክርክር ሊነሣ ይችላል። የአማርኛውን አንባቢ ከእንግሊዝኛው ጽሑፍ ጋር የሚያገናኘው የቃል ለቃል ትርጉም ነው፤ ከእርሱ ብንርቅ መመለሻው ይጠፋል የሚሉ አሉ። ክርክሩ ክብደት አለው። ለዚህም ነው «ማፋጠኛ ካርድ» የሚለውን ያላስወገድነው። ነገር ግን አንድ የአጠቃቀም መመሪያ «ፈጣን ማህደረ ትውስታ ይጨመር» ብሎ ቢያዝዝ፣ አንባቢው ገንዘቡን ከፍሎ ፈጣን ቺፕ ገዝቶ በጋራው መስመር ላይ ቢያስገባው አንዳች ለውጥ አያገኝም። «የግል ማህደረ ትውስታ ይጨመር» ቢባል ግን የት መግባት እንዳለበት ስሙ ራሱ ይነግረዋል።

የእንግሊዝኛው ስሞች ዕቃዎቹ በተወለዱበት ቀን፣ በገበያ ውድድር መካከል የወጡ ናቸው፤ በኋላ ዕቃው ሲለወጥ ስሙ በቦታው ደረቀ። ስም የምናወጣው እኛ ዘግይተን ነው። መዘግየት ግን አንድ ጥቅም አለው፤ ዕቃው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሄደበትን መንገድ አይተን መሰየም እንችላለን። ይህን ጥቅም ሳንሠራበት ከቀረን፣ የሌላውን ቋንቋ ቃል ብቻ ሳይሆን የሌላውን ቋንቋ ያለፈ ችኰላም አብረን እንወርሳለን።