የእትዬ ቬስታ ፕላስተር

ስሙኝማ! ነገሩ ከጥይት ሳጥን ይነሣና እናንተ መኝታ ቤት ድረስ ይመጣል፤ ብቻ ታገሡኝ።

ዘመኑ እንደ ፈረንጆቹ 1943 ነው። ዓለም በጦርነት ትታመሳለች። አሜሪካ፣ ኢሊኖይ ግዛት፣ ግሪን ሪቨር በሚባል የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ውስጥ ቬስታ ስታውት የምትባል ሴት ትሠራለች። ሁለት ልጆችዋ ባሕር ኃይል ዘምተዋልና በእኛ ወግ እትዬ ቬስታ እንበላቸው። እትዬ ቬስታ የጥይት ሳጥን ያሽጋሉ። ሳጥኑ በወረቀት ፕላስተር ይታሸግና ውሃ እንዳያስገባ ሰም ይቀባል፤ ወታደሩ ስቦ እንዲከፍተው ደግሞ የፕላስተሩ ጫፍ ብቅ ይላል። ያቺ ጫፍ ግን ስትሳብ ትበጠሳለች። አስቡት እንግዲህ! ጠላት እየተኮሰ፣ ጥይት አልቆ፣ ወታደሩ በጥፍሩ ሰም ሲፍቅ!

እትዬ ቬስታ መላ ዘየዱ፤ ወረቀቱ ቀርቶ ውሃ በማያስገባ ጠንካራ የጨርቅ ፕላስተር ይታሸግ አሉ። አለቆቻቸው ዳር አላደረሱላቸውም። እሳቸውም ብዕራቸውን አነሡና ፌብሩዋሪ 10 ቀን በቀጥታ ለፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጻፉ፤ ሥዕሉንም ሠርተው አያያዙ። ፕሬዚዳንቱ ደብዳቤውን ለጦር ምርት ቦርድ መሩት፤ ቦርዱ ሐሳቡን ተቀበለ፤ ፕላስተሩን የማምረቱ ሥራ ለጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ኩባንያ ተሰጠ።

ጦርነቱ አለቀ። ወታደሩ አገሩ ገባ፣ አገባ፣ ቤት ፈለገ። በየመንደሩ አዲስ ቤት ተሠራ። በየቤቱም አንድ ትልቅ ማሞቂያ ተተከለና አየሩን በቆርቆሮ ቱቦ ለየክፍሉ ያከፋፍል ጀመር። ቱቦ ከቱቦ በምን ይያያዝ? ያ የወታደር ፕላስተር አለ አይደል! አረንጓዴ የነበረው ቆርቆሮ እንዲመስል ብርማ ሆነና ገበያ ወጣ። ዳክት ቴፕ የምንለው እሱ ነው።

አሁን ወደ እናንተ ቤት ልምጣ። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ቤት የገዛችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። ክረምት ሲገባ ሳሎኑ ይሞቃል፤ ላይኛው ፎቅ፣ ጥግ ላይ ያለችው ክፍል ግን ልጆች ብርድ ልብስ ደርበው የሚያጠኑባት ናት። ጁላይ ሲመጣ ደግሞ ያችው ክፍል ምድጃ ትሆናለች። አባት ቴርሞስታቱን ከፍ ያደርጋል፤ እናት ዝቅ ታደርጋለች፤ ቢሉ ግን ከፍ እንዳለ ይመጣል። በመጨረሻ አንዱ ዘመድ "ማሽኑ አንሷችሁ ነው፤ ትልቁን ግዙ" ይላል።

ማሽኑን ለጊዜው ተዉት፤ ቱቦውን እንከተለው። የማሽኑ ንፋስ ማመንጫ የሞቀውን ወይም የቀዘቀዘውን አየር በአንድ ወገን ይገፋል፣ የክፍሉን አየር ደግሞ በሌላ ወገን ይስባል። የሚገፋው ቱቦ በየመገጣጠሚያው ከተላቀቀ፣ የከፈላችሁበት አየር መኝታ ቤት ሳይደርስ ከኮርኒሱ በላይ ይቀራል፤ በተሰነጠቀ እንስራ ውሃ እንደ መቅዳት ነው። ከሁሉ የሚጎዳው በረጅም ቱቦ መጨረሻ ያለው ክፍል ነው። ኮሪደር ላይ የተሰቀለው ቴርሞስታት እሱ ያለበት ቦታ ሲሞቅለት ማሽኑን ያጠፋዋል፤ የጥጓን ክፍል አያውቃትም። የሚስበው ቱቦ ካፈሰሰ ደግሞ ከጣሪያ ሥር ትኩስ አየርና አቧራ እየማገ ወደ ቤት ያስገባል። የአሜሪካ መንግሥት ኤነርጂ ስታር የሚባለው ፕሮግራም እንደሚለው፣ በተለመደ ቤት በቱቦው ከሚያልፈው አየር ከ20 እስከ 30 በመቶው በዚህ መንገድ ይባክናል።

ታዲያ የእትዬ ቬስታ ፕላስተር የት ሄደ? በካሊፎርኒያ የሎውረንስ በርክሌይ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች የሆኑት ማክስ ሸርማንና ኢያን ዎከር ይህንኑ ጠየቁ። ብዙ ዓይነት ማሸጊያ ሰበሰቡና በሙቅና በቀዝቃዛ አየር እያፈራረቁ ፈተኑት። በ1998 ውጤቱን ሲያወጡ አገሩ ሳቀ፤ ከሌሎቹ ሁሉ ተለይቶ የወደቀው በየቤቱ ቱቦ ላይ የተለጠፈው ያው የጨርቅ ፕላስተር ሆነ! የጎማ ሙጫው በሙቀት ይደርቃል፤ ቆርቆሮው ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ይለጠጣል፣ ይኮማተራል፤ ፕላስተሩም ተላቆ ይንጠለጠላል። በእትዬ ቬስታ አትፍረዱ፤ እሳቸው ለጥይት ሳጥን ብለው ያሰቡትን ቱቦ ላይ የለጠፈው ሌላ ነው።

እዚያው ቤተ ሙከራ፣ በዚያው በ1990ዎቹ፣ ማርክ ሞዴራ የተባለ ተመራማሪ ሌላ ዘዴ አመጣ። በየክፍሉ ያሉት የአየር መውጫዎች በስፖንጅ ይደፈናሉ፤ ከዚያ እንደ ጉም የደቀቀ ማጣበቂያ በአየር ግፊት ቱቦው ውስጥ ይነፋል። አየሩ መውጫ ሲያጣ ወደ ስንጥቁ ይሮጣል፤ ጠብታዎቹም ከስንጥቁ ጠርዝ ላይ እየተጣበቁ ከውስጥ ይዘጉታል። እጅ የማይደርስበትን፣ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረውን ቱቦ ሁሉ ያገኘዋል። ጨርሶ የተለያየ ቱቦ ግን በዚህ አይድንም፤ እሱን ሰው በእጁ ይገጥመዋል።

እጅ የሚደርስበትን ግን ራሳችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ። ማሽኑን አጥፉ፤ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ አድርጉ። ሥራውን ከማሽኑ አጠገብ ጀምሩ፤ ግፊቱ የሚበረታው እዚያ ነው። የላላውን መገጣጠሚያ በብሎን አጥብቁ፤ አቧራውን ጥረጉ፤ ከዚያ ማስቲክ የሚባለውን ወፍራም ማሸጊያ በብሩሽ ወፈር አድርጋችሁ ቀቡ። ስንጥቁ ከ6 ሚሊሜትር ከሰፋ መጀመሪያ የፋይበር ወንፊት ይለጠፍበት። ፕላስተር የግድ ከሆነ ዩኤል 181 የሚል ጽሑፍ ያለበትን የአልሙኒየም ፕላስተር ግዙ። ቱቦው ከወለል ወይም ከኮርኒስ ጋር የሚገናኝበትን ዙሪያ ማሸግ አትርሱ፤ ተጣጣፊው ቱቦም እንዳይታጠፍ አቃኑት። ከደፈናችሁ በኋላ በብርዳማው ቦታ የሚያልፈውን በሙቀት መከላከያ ጠቅልሉት።

አንዳንዱ "ባዶ ክፍል ምን ያደርግልኛል" ብሎ የዚያን ክፍል መውጫ ይዘጋል። ቁጠባ ይመስላል፤ ግን በቱቦው ውስጥ ግፊቱን ይጨምርና አየሩ በስንጥቁ የባሰ እንዲወጣ ያደርጋል። ክፍት ይሁን። የማሽኑን አየር ማጣሪያም ሳይታፈን ቀይሩት።

ቀልድ የሌለበት አንድ ነገር ልንገራችሁ። ማሞቂያችሁ ወይም የሻወር ውሃ ማሞቂያችሁ በጋዝ የሚሠራ ከሆነና የሚስበው ቱቦ በአቅራቢያው የሚያፈስ ከሆነ፣ በጭስ ማውጫ መውጣት ያለበትን ጭስ ወደ ቤት ሊመልሰው ይችላል። በዚያ ጭስ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ፤ አይሸትም፣ አይታይም፣ ይገድላል። ስለዚህ ሥራው ሲያልቅ ባለሙያ የጭሱን አወጣጥ ይፈትሽላችሁ፤ መኝታ ቤት አጠገብም የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ደወል ስቀሉ።

እንግዲህ ፍርዱ ይህ ነው፦ የጥጓ ክፍል ስትበርድ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቱቦው ነው። በሺዎች ዶላር የሚገዛው ትልቅ ማሽን በሚያፈስ ቱቦ ላይ ቢገጠም የጣሪያውን ሥር በይበልጥ ከማሞቅ አያልፍም። ነጋዴ "ማሽን ቀይሩ" ሲላችሁ "መጀመሪያ የቱቦውን ፍሳሽ ለካልን" በሉት፤ በንፋስ ማመንጫና በግፊት መለኪያ የሚሠራ የታወቀ ምርመራ አለ። ሳይለካ ሊሸጥላችሁ የሚቸኩለውን አሰናብቱት።