ብርሃን አቶምን ስለ ማቀዝቀዙ አጭር ታሪክ

የፀሐይ ብርሃን እንደሚያሞቅ ከማንም የተሰወረ አይደለም። በቡሬና በፍኖተ ሰላም አካባቢ ባላገሩ በርበሬውን የሚያደርቀው በእርሱ ነው። እንግዲህ ብርሃን ያቀዘቅዛል ብንል፥ አንባቢ ይገረም ይሆናል። ነገሩ ግን እውነት ስለ ሆነ፥ በዚህ በትምህርት ቤታችን የመታሰቢያ መጽሔት ታሪኩን በአጭሩ ልንገልጽ አሰብን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሙቀት ማለት የአቶሞች እንቅስቃሴ ነው። አቶሞች ሲፈጥኑ ነገሩ ይሞቃል፤ ሲዘገዩ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ማቀዝቀዝ ማለት የሚሮጠውን አቶም ማዘግየት ነው። ብርሃንም ባረፈበት ነገር ላይ በጥቂቱ ይገፋል። ከምድጃ የወጣ የሶዲየም አቶም በሰከንድ 1000 ሜትር ያህል ይሮጣል። አንዲት የብርሃን ቅንጣት ከፊቱ ስትመታው ፍጥነቱን የምትቀንሰው በሰከንድ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ይሁን እንጂ ምቱ 30,000 ጊዜ ያህል ቢደጋገም አቶሙ ሊቆም ይደርሳል።

በ1975 ቴዎዶር ሄንሽና አርተር ሻውሎው አንድ ሐሳብ አቀረቡ። የሌዘሩ ብርሃን አቶሙ ከሚቀበለው ቀለም በጥቂቱ ወደ ቀይ ቢያዘነብል፥ ይበልጥ የሚመታው ወደ ብርሃኑ የሚሮጠውን አቶም ነው አሉ። በ1985 ስቲቨን ቹና የሥራ ጓደኞቹ በአሜሪካ አገር በቤል ላቦራቶሪ የሶዲየም አቶሞችን ከስድስት አቅጣጫ በሌዘር ከበቧቸው። አቶሞቹም ማር ውስጥ እንደ ገባች ዝንብ ተንቀራፈፉ። ነገር ግን ብርሃኑ አዘገያቸው እንጂ አላሰራቸውም፤ ጥቂት ቆይተው ያመልጡ ነበር። በ1987 ከሁለት የሽቦ ጥቅሎች የሚመነጭ የማግኔት ኀይል ተጨመረበትና፥ ከመካከል የሚርቀውን አቶም ብርሃኑ ወደ መካከል ይመልሰው ጀመር። የዚህን ወጥመድ ሐሳብ ያመነጨው ፈረንሳዊው ዣን ዳሊባር ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን ግን የ1988 ሥራ ነው። ከዜሮ በታች 273 ዲግሪ ያህል የሆነው የመጨረሻው ቅዝቃዜ ፍጹም ዜሮ ይባላል። በሊቃውንቱ ሒሳብ መሠረት፥ በዚህ ዘዴ የሚቀዘቅዝ ሶዲየም ከፍጹም ዜሮ በላይ ከ240 ሚሊዮንኛ ዲግሪ ዝቅ ሊል አይችልም ነበር። ዊልያም ፊሊፕስና ባልደረቦቹ ቢለኩት ግን 40 ያህል ሆኖ አገኙት። ልኬቱን ከሒሳቡ ጋራ ለማስማማት አልለወጡትም፤ በልዩ ልዩ ዘዴ ደግመው ለኩት እንጂ። ምክንያቱን ከገለጹት አንዱ በአፍሪካችን በአልጄሪያ፥ በቆንስጠንጢን ከተማ በ1933 የተወለደው ክሎድ ኮኸን ታኑጂ ነው። የቀድሞው ሒሳብ የአቶምን ጠባይ ከእውነተኛው ይልቅ ቀላል አድርጎ ቆጥሮት ነበር። በ1997 ቹ፥ ኮኸን ታኑጂና ፊሊፕስ የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ።

ጥቅሙም ብዙ ነው። ከ1967 ጀምሮ ሰከንድ የሚለካው በሲዚየም አቶም ሲሆን፥ በሌዘር በቀዘቀዘ ሲዚየም የሚሠሩ ምርጥ ሰዓቶች በአሥር ሚሊዮን ዓመት አንዲት ሰከንድ እንኳ አይዛነፉም።

እንግዲህ እኛ ተማሪዎች በላቦራቶሪ ያገኘነው ቁጥር ከመጽሐፉ ቁጥር ቢለይ፥ ፈጥነን አንፋቀው። መሣሪያውን እንመርምር፥ ደግመን እንለካ፥ መምህራችንንም እንጠይቅ። ቁጥሩን ለማርክ ሲል የሚለውጥ ተማሪ ማርኩን ያገኝ ይሆናል፤ ዕውቀቱ ግን ያመልጠዋል።