የተሻረው ምን ነበር? በቀይ ሽብር ችሎት በኩል ወደ ሕግ ንድፈ ሐሳብ

የሕግ ንድፈ ሐሳብ ኮርስ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በስም ዝርዝር ነው። ተማሪው ኦስቲንን፣ ኬልሰንን፣ ሃርትንና ፉለርን ተራ በተራ ሸምድዶ ይፈተናል፤ ፈተናው ሲያልፍ ሁሉም ከአእምሮው ይጠፋል። ለኢትዮጵያዊ ተማሪ ከዚህ የሚሻል መግቢያ አለ፤ በቀይ ሽብር ችሎት አንድ ዳኛ ያሰፈሩት የልዩነት ሐሳብ።

በኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና በሌሎች የደርግ ባለሥልጣናት ላይ በልዩ ዐቃቤ ሕግ የቀረበው ክስ መሰማት የጀመረው በ1987 ዓ.ም ሲሆን የጥፋተኝነት ውሳኔ የተሰጠው ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም ነው። የክሱ ምሰሶ የ1949 ዓ.ም የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የዘር ማጥፋትን የሚቀጣው አንቀጽ 281 ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው የዘር ማጥፋት ወንጀል ስምምነት የፖለቲካ ቡድኖችን ከጥበቃው ውጭ ትቷቸዋል፤ የእኛ ሕግ ግን አካቷቸዋል። ከሦስቱ ዳኞች አንዱ በዘር ማጥፋቱ ነጥብ ላይ ከባልደረቦቻቸው ተለዩ። ደርግ ያወጣቸው ተከታታይ ሕጎች ለፖለቲካ ቡድኖች የተሰጠውን ጥበቃ ሽረውታል፤ ስለዚህ ተከሳሾቹ ሊጠየቁ የሚገባው በከባድ የሰው ግድያ ነው አሉ። አብዛኛው ድምፅ አልተቀበላቸውም።

ክርክሩ ስለ አንድ አንቀጽ ይመስላል። ነገር ግን መልስ ለመስጠት የሚነሣ ሰው አስቀድሞ ሕግ በምን ሕግ እንደሚሆን፣ በምንስ ሕግነቱን እንደሚያጣ አቋም መያዝ አለበት።

መጀመሪያ ኬልሰን። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም ደርግ ባወጣው አዋጅ ቁጥር 1/1967 ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ፤ ሕገ መንግሥቱም ታገደ። የወንጀለኛ መቅጫ ሕጉ ሥልጣኑን ያገኘው ከወደቀው ሥርዓት ነበር። ታዲያ አንቀጽ 281 በማግስቱ በምን ቆመ? አዋጁ ራሱ ከአዲሱ ሥርዓት ጋር የማይቃረኑ ነባር ሕጎች እንዲቀጥሉ አድርጓል። በኬልሰን አስተሳሰብ የአንቀጹ ቃል ያው ነው፤ የጸናበት መሠረት ግን ተለውጧል። ከአብዮት በኋላ የቀድሞው ሕግ በአዲሱ ሥርዓት ተቀባይነት አግኝቶ ይኖራል እንጂ በራሱ ጉልበት አይኖርም። ይህን ያልያዘ ተማሪ የልዩነቱን ሐሳብ ክብደት አያየውም፤ አንቀጹን ያስቀጠለው ደርግ ከሆነ የመሻርም ሥልጣን ነበረው ማለት ነውና።

ሥልጣን መኖሩ ግን በሥልጣኑ ተሠርቶበታል ማለት አይደለም። ሃርት እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው መጽሐፉ እያንዳንዱ የሕግ ሥርዓት ሕጉን ከሌላው ትእዛዝ የሚለይበት፣ ሹማምንቱም በተግባር የሚከተሉት መለያ ደንብ አለው ይላል። በእኛ አገር የዚህ ደንብ አንድ ቋሚ ክፍል ከ1934 ዓ.ም ጀምሮ ነጋሪት ጋዜጣ ነው። በራዲዮ «አብዮታዊ እርምጃ ተወሰደባቸው» የሚለው መግለጫ፣ የቀበሌ አብዮት ጥበቃ ጓድ ሌሊት በር አንኳኩቶ የሚፈጽመው ግድያ፣ በዚህ መለያ ሲመዘን ሕግ አይደለም። ስለዚህ ክርክሩ መወሰን ያለበት በታተሙት አዋጆች ነው። አንድ አዋጅ ለመንግሥት በተቃዋሚዎቹ ላይ ሰፊ ሥልጣን መስጠቱ የአንቀጽ 281ን ጥበቃ በዝምታ ሽሮታል ያሰኛል? እኔ አያሰኝም እላለሁ። በዝምታ ተሽሯል የሚባለው ሁለቱ ሕጎች አብረው መቆም ሲያቅታቸው ነው፤ ተቃዋሚን የማሰርና የመክሰስ ሥልጣን ደግሞ ቡድንን ማጥፋት ከሚከለክል ሕግ ጋር አብሮ ይቆማል።

ፉለር እዚህ ላይ ጣልቃ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1964 በጻፈው መጽሐፉ ሕግ የማውጣት ሥራ የራሱ የውስጥ ሞራል እንዳለው ያስተምራል፤ ያልታወጀ፣ ወደ ኋላ የሚሠራ፣ ባለሥልጣኑ ራሱ የማይገዛበት ደንብ ሕግ ሆኖ ሊቆም አይችልም። በግልጽ ሊጻፍ ያልተደፈረን ሽረት ከኋላ ተነሥቶ ለአዋጁ ማበደር ይህን ሞራል ይጥሳል።

ተማሪዎች ይህን መዝገብ ሲያነቡ ቶሎ የሚመዙት ራድብሩክን ነው። ጀርመናዊው ምሁር ከናዚ ውድቀት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1946፣ ኢፍትሐዊነቱ ከልክ ያለፈ ሕግ ለፍትሕ ቦታ ይለቃል ብሎ ጽፏል። ግሩም ሐሳብ ነው፤ እዚህ ግን መጥራቱ ስንፍና ይመስለኛል። የጀርመን ዳኞች የተቸገሩት ክፉውን ሥራ የፈቀደ የሚመስል የታወጀ ሕግ ፊታቸው ላይ ስለነበር ነው። የእኛ ችሎት ፊት የነበረው ድርጊቱ ከመፈጸሙ ከብዙ ዓመታት በፊት የታወጀ ክልከላ ነው። ራድብሩክ የሚያስፈልገው ሽረቱ በእርግጥ ተፈጽሟል ብሎ ላመነ ሰው ብቻ ነው። የሚገርመው፣ ሽረቱን ያመኑት ዳኛ እንኳ ወደ እሱ አልሄዱም። ከባድ የሰው ግድያን የሚቀጣው አንቀጽ 522 እንዳለ ነበርና ተከሳሾቹን በእሱ ጥፋተኛ ለማለት የደርግን ሕግ ሕግ አይደለም ማለት አላስፈለጋቸውም።