የሞተር ዘይት መለወጫ ጊዜና የራቤል መንገድ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ደብረ ብርሃንን ያለፈ መኪና ጣርማበር ሲደርስ ሁለት መንገድ ይጠብቀዋል። አንደኛው በኢጣሊያ ወረራ ዘመን በተፈለፈለው ዋሻ ሾልኮ ወደ ደብረ ሲናና ወደ ወሎ ይወርዳል። ሁለተኛው ወደ መንዝ ታጥፎ በሞላሌና በመሐል ሜዳ በኩል ወደ ግሼ ይዘልቃል፤ የጉዞው መጨረሻም ራቤል ነው። በመጀመሪያው መንገድ የሚሄደው የጭነት መኪና ቁልቁለቱን ከጨረሰ በኋላ በሜዳው ላይ ፍጥነቱን ጨምሮ ይገሠግሣል። በሁለተኛው የሚሄደው በውርጭና በአቧራ መካከል፣ በመጀመሪያና በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ ቀኑን ያጋምሳል። ይሁንና የሁለቱ መኪናዎች ባለንብረቶች የሞተር ዘይት የሚያስለውጡት በአንድ ቁጥር ነው፤ ይኸውም በ5,000 ኪሎ ሜትር ነው።

ይህ ቁጥር በሾፌሮችም ሆነ በመሥሪያ ቤት ጋራዦች ዘንድ እንደ ሕግ ጸንቶ ኖሯል። ሕጉን ማን ደነገገው፣ ለየትኛውስ መንገድ ተደነገገ የሚለው ጥያቄ ግን እምብዛም ሲነሣ አይሰማም። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በስሕተት የተወሰነ የዘይት ዘመን ዋጋው ሁለት ወገን ነው፤ ያለ ጊዜው የተደፋ ዘይት በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ሀብት ሲሆን፣ ከጊዜው ያለፈ ዘይት ደግሞ ሞተሩን ይዞ ይሄዳል። ጋራዥ በሌለበት ደጋ ላይ ሞተሩ የነከሰ መኪና ተሳፋሪውን ለሌሊት ብርድ፣ ባለንብረቱንም ለዕዳ አሳልፎ ይሰጣል።

በመጀመሪያ «ዘይት መለወጥ» የሚባል ሥራ አልነበረም። በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤንትሌይ በአውቶሞቢል አዲስ አበባ ገብቶ ከዐፄ ምኒልክ ፊት በቀረበበት ዘመን፣ በብዙዎቹ ሞተሮች ውስጥ ዘይቱ በጠብታ እየገባ ሥራውን ከፈጸመ በኋላ ከፊሉ ይቃጠል፣ ከፊሉም መንገድ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። የጐደለውን መሙላት እንጂ የቈየውን አፍስሶ መተካት አያስፈልግም ነበር። ዘይቱ በሞተሩ ግርጌ እየተጠራቀመ ደጋግሞ መዞር ሲጀምር ግን አቧራውን፣ ጥላሸቱን፣ የብረቱን ብናኝና ያልተቃጠለውን ቤንዚን ተሸክሞ የሚዞር ሆነ። የፎርድ ኩባንያ ሞዴል ቲ ለተባለው መኪናው ባወጣው መመሪያ ዘይቱ በየ750 ማይሉ፣ ማለት በየ1,200 ኪሎ ሜትሩ ገደማ፣ እንዲፈስስ ይመክር ነበር። ያ ሞተር የዘይት ማጣሪያ አልነበረውም፤ የሚተነፍሰውንም አየር ከአቧራ የሚከላከልለት ነገር አልነበረም። ቁጥሩ ከዚህ ጉድለት የመነጨ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ቁጥሩን ያራዘሙት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የተፈለሰፈውና በኢትዮጵያ ጋራዦች በኢጣሊያንኛ ስሙ «ፍልትሮ» ተብሎ የቀረው ማጣሪያ ነው። ሁለተኛው ከናፍጣ ሞተር ችግር የተወለደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አጋማሽ ካተርፒላር የተባለው ፋብሪካ በናፍጣ ሞተሮቹ ላይ ጋራዦች «ፋሻ» የሚሏቸው የፒስተን ቀለበቶች በዝቃጭ እየተጣበቁ ስላስቸገሩት፣ ከካሊፎርኒያ ነዳጅ ኩባንያ ጋር ሆኖ እድፍን የሚያጥብ ቅመም የተጨመረበት ዘይት አስገኘ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ዘይት ማለስለሻ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ማጠቢያም ሆነ። ጥላሸቱን አድቅቆ በሆዱ ይይዛል፤ ከነዳጁ ድኝ የሚመጣውን አሲድም ያረክሳል። ይሁን እንጂ ቅመሙ የሚያልቅ ነገር ነው። ዘይት «አረጀ» ሲባል በአብዛኛው የሚያልቀው ቅባትነቱ ሳይሆን ይህ ስንቁ ነው።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመለስ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራ ጊዜ የመጡት የፊያትና የላንቺያ ካሚዮኖች ለጋራዡ ቋንቋውን ሰጡት፤ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ካንዴላ የሚሉት ቃላት የዚያ ዘመን ቅሪቶች ናቸው። ቃላቱ በጆሮ እንደተላለፉ ሁሉ ሙያውም በጆሮ ተላለፈ። መመሪያው መጽሐፍ በጣሊያንኛ፣ በእንግሊዝኛ ወይም በጀርመንኛ የተጻፈ ስለ ነበር ከመኪናው መሳቢያ ሳይወጣ ይቀራል፤ ከውስጡ ሾፌሩ ዘንድ የሚደርሰው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ከነጻነት በኋላ አገሩን ከሞሉት መኪናዎች መካከል ላንድሮቨር በየ3,000 ማይሉ፣ ቮልስዋገን በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይታቸው እንዲለወጥ ያዙ ነበር። ሦስት ሺህ ማይል ከ4,800 ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። ሁለቱ ቁጥሮች ከተለያየ አገር መጥተው በአዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ሲገናኙ ወደ አንድ ድፍን ቁጥር መጠጋጋታቸው የሚያስደንቅ አይደለም። ነገር ግን ሁለቱም ቁጥሮች ቀላል የቤንዚን መኪናን አስበው የተጻፉ እንጂ ጤፍና ባቄላ ጭኖ ዳገት የሚወጣ የናፍጣ መኪናን አስበው የተጻፉ አልነበሩም።

ከዚህ ላይ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ በዚያው ዓመት ከዓለም ባንክ በተገኘው የ5 ሚሊዮን ዶላር ብድር የተበላሹትን መንገዶች መጠገን ሲጀመር፣ በመንገድ ሥራ ካምፖች ውስጥ ሁለት ዓይነት አቈጣጠር ጎን ለጎን ኖረ። አፈር ለሚያመላልሰው ካሚዮን ዘይት የሚለወጠው በኪሎ ሜትር ነው፤ አጠገቡ ለቆመው ግሬደርና ዶዘር ግን በሰዓት ነው። ዶዘር ቀኑን ሙሉ ሠርቶ የሚራመደው ጥቂት ኪሎ ሜትር ስለ ሆነ በርቀት ሊለካ እንደማይችል ለማንም ግልጽ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድም በ1938 ዓ.ም. በረራ ከጀመረ ወዲህ ሞተሮቹን የጠበቀው በበረራ ሰዓት ነው። ሰዓቱ እንግዲህ ያልታወቀ መለኪያ አልነበረም። ካሚዮኑ በኪሎ ሜትር የቀረው ቆጣሪው ቀድሞ ስለ ተገጠመለትና ኪራዩም በርቀት ስለሚታሰብ ይመስላል።

ዛሬ በብዙ የመንገድ ሥራ መኪናዎች መመሪያ የዘይት ዘመን 250 ሰዓት ተብሎ ይገኛል። ይህን ቁጥር ይዞ ወደ ጣርማበር መገንጠያ መመለስ ይጠቅማል። በአስፋልት ላይ በአማካይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በ250 ሰዓት 15,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በኮረኮንች ዳገት በአማካይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚጓዘው ግን በዚያው ሰዓት የሚሸፍነው 5,000 ብቻ ነው። ዝናብ ሲመጣና አማካዩ ወደ 15 ሲወርድ 3,750 ይሆናል። አንዱ «5,000» ስለዚህ ለአስፋልቱ መኪና የዘይቱ ዘመን ሢሶ፣ ለመንዙ መኪና ሙሉው ዘመን፣ ለክረምቱ ጉዞ ደግሞ ከዘመኑ ያለፈ ነው። በራቤል መንገድ 5,000 ጥንቃቄ የበዛበት ቁጥር ነው የሚሉ አሉ። ስሌቱ የሚያሳየው ግን ቁጥሩ ልክ ጠርዙ ላይ መሆኑን ነው።

ከሰዓቱም በላይ የከፍታው ነገር አለ። ይህ ደጋ በብዙ ስፍራ 3,000 ሜትር ይደርሳል፤ የመንዝ ጓሳማ ከዚያም ያልፋል። በ3,000 ሜትር ላይ የአየሩ እፍጋት በባሕር ዳር ካለው ሩብ ያህል ያንሳል። ተርቦ የሌለው አሮጌ የናፍጣ ሞተር የሚስበው አየር በዚያው መጠን ይቀንሳል፤ የነዳጅ ፓምፑ ለቆላ እንደ ተስተካከለ ከቀረ ግን የሚረጨው ናፍጣ አይቀንስም። ያልተቃጠለው ትርፍ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፣ ከፊሉም በፒስተኑ ጎን ወርዶ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። ጥላሸት የበዛበት ዘይት እየወፈረ ይሄዳል፤ በውርጭ ማለዳ ሞተሩ ሲነሣም ወደ ላይኛው ክፍል ለመድረስ ይዘገያል። በዚህ ላይ የነዳጁ ድኝ አለ። የነዳጁ ድኝ ከግማሽ በመቶ ሲበልጥ የዘይቱ ዘመን እንዲያጥር የሚያዝዙ የሞተር ፋብሪካዎች ብዙዎች ናቸው። ባለንብረቱ ግን ድኙን የሚያይበት ዐይን የለውም።

አንዳንድ የከባድ ሞተር ሠሪዎች ከርቀቱም ከሰዓቱም ይልቅ የተቃጠለውን ነዳጅ ይቈጥራሉ፤ ለራቤል መንገድ ከሁሉ የሚስማማው አቈጣጠርም ይህ ነው። ለምሳሌ አንድ መኪና በአስፋልት በ100 ኪሎ ሜትር 25 ሊትር፣ በዳገቱ 40 ሊትር ይፈጃል እንበል። በ5,000 ኪሎ ሜትር የመጀመሪያው 1,250፣ ሁለተኛው 2,000 ሊትር አቃጥለዋል። ጥላሸቱም አሲዱም የሚመጡት ከተቃጠለው ናፍጣ ስለ ሆነ፣ የሁለተኛው ዘይት ከፍ ያለ ሸክም ተሸክሟል። የነዳጅ ደረሰኝ ደግሞ በየትም አለ፤ ባለንብረት የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ተሰብሮ ዓመት ቢያሳልፍም የናፍጣ ሒሳቡን ሳይዝ አያድርም። በተበላሸ ቆጣሪ «በግምት 5,000 ሞልቷል» ከሚባልበት ቦታ፣ የደረሰኝ ድምር የበለጠ የታመነ ምስክር ነው።

የኪሎ ሜትር አቈጣጠር ጉድለት በግልጽ የታየው በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ነው። የእርዳታ እህል በአሰብ ወደብ ተከማችቶ መኪናዎች ለመጫን ተሰልፈው ይቆሙ ነበር። የቆመ መኪና ሞተሩ ካልጠፋ ዘይቱ ይሠራል፤ ቆጣሪው ግን አንድ ሜትር አይጨምርም። ከዚያም ጭኖ ከባሕር ጠለል ተነሥቶ ወደ ደጋው የሚወጣው ያው መኪና፣ በአንድ ጉዞ የበረሃውን ሙቀትና የደጋውን ውርጭ በአንድ ዘይት ይወጣል። የሰው ነፍስ በሚጠበቅበት ሰዓት ዘይት ለመለወጥ መኪና ማቆም ከባድ ውሳኔ እንደ ነበር መገመት አያዳግትም። ሆኖም ሳይቆም የቀረው ሞተር በመንገድ ላይ ሲቆም፣ እህሉም አብሮት ይቆማል።

ሾፌሮች የራሳቸው ፍርድ አላቸው። ዘይቱን በሁለት ጣት አሽተው ያዩታል፣ ያሸቱታል። ይህ ዕውቀት የሚናቅ አይደለም፤ ቤንዚን የተቀላቀለበትን ቀጭን ዘይት፣ ውሃ ገብቶበት የነጣውንም በዚህ መንገድ ይለያሉ። አንድ ነገር ግን ያሳስታቸዋል፤ እርሱም መጥቈሩ ነው። ቅመም በሌለው የጥንት ዘይት ጥቁረት የእርጅና ምልክት ሊሆን ይችል ነበር። የሚያጥበው ዘይት ግን የሚጠቁረው ሥራውን ስለ ሠራ ነው፤ በናፍጣ ሞተር ውስጥ ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይጠቁራል። በዚህ ምክንያት ደህናው ዘይት ይደፋል። በአንጻሩ ዘይቱ ሳይጠቁር ከቀረ፣ እድፉ ከሞተሩ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ሊሆን ይችላልና ደስ የሚያሰኝ አይደለም።

ከጣት የሚሻል፣ ከላቦራቶሪም የሚቀርብ ዘዴ አለ። ሞቆ ከጠፋ ሞተር በመለኪያው ዘንግ የወጣች አንዲት ጠብታ በሚመጥጥ ነጭ ወረቀት ላይ ትቀመጥና እስክትደርቅ ትቆያለች። ጥላሸቱ ከመሐል እስከ ዳር ቀስ በቀስ እየሳሳ ከተሠራጨ ቅመሙ ገና አለ። ጥቁሩ በመሐል ተከማችቶ ዙሪያውን ቢጫ ቀለበት ብቻ ከቀረ፣ ዘይቱ እድፉን መሸከም አቁሟል። ላቦራቶሪውማ ከዚህ እጅግ ይርቃል። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በአሜሪካ የባቡር ኩባንያዎች ያገለገለ ዘይት ውስጥ ያለውን የብረት ዓይነት በብርሃን መርምረው የትኛው የሞተር ክፍል እየተበላ እንደ ሆነ ማወቅ ጀምረው ነበር፤ መዳብ ሲበዛ ኩሽኔታው፣ ብረት ሲበዛ ሲሊንደሩ ይጠረጠራል። ራቤል ላይ ግን ወረቀቷ ትበቃለች።

የውሳኔው ባለቤት ማን እንደ ሆነም ከቁጥሩ ያላነሰ ነገር ነው። ዘይቱን የሚገዛው ባለንብረት ብዙ ጊዜ ከተማ ተቀምጦ በኪሎ ሜትር ይቈጥራል። መንገዱን የሚያውቀው ሾፌር በሰዓትና በዳገት ያስባል። ለሾፌሩ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ «ገና አልሞላም» ከሆነ፣ የሚሞላው ነገር ቆጣሪው ብቻ ሆኖ ይቀራል። በዚህ መካከል አስታራቂ የሚመስለው ልማድ የጐደለውን በላዩ መሙላት ነው። ዘይት በሚበላ አሮጌ ሞተር ላይ የሚጨመረው ሊትር ጥቂት አዲስ ቅመም እንደሚያስገባ እውነት ነው። የተከማቸው ጥላሸት ግን በዚያ አይወጣም፤ ፍልትሮውም ያው አሮጌው ነው።

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ስትከለክል፣ በአውቶሞቢሉ በኩል ጥያቄው ራሱ ሊረሳ እንደሚችል የተናገሩ አሉ። የጭነት መኪናው ግን ገና ብዙ ዘመን ከናፍጣ ጋር ይኖራል። አዳዲሶቹ ሞተሮች የሠሩበትን ሰዓትና ያቃጠሉትን ነዳጅ በራሳቸው ኮምፒዩተር መዝግበው ይይዛሉ፤ በመንዝ ደጋ የሚመላለሰውም አንዳንዱ መኪና ይህ መዝገብ አለው። ዘይት ለዋጩ ሥራውን ጨርሶ በበሩ ጎን በሚለጥፋት ወረቀት ላይ የሚጽፈው ግን የቆጣሪውን ንባብና በእርሱ ላይ 5,000 የተደመረበትን ቁጥር ነው።