የኪቦርድ ፔዳል አልሠራ ሲል፦ ለአምልኮ ሙዚቀኞች የሚጠቅም ማብራሪያ



የሚከተለው ነገር በብዙ አጥቢያዎች ያጋጥማል። የጸሎት ሰዓት ነው። ጉባኤው ዓይኑን ጨፍኖ በጌታ ፊት ቀርቧል፤ ኪቦርድ የሚጫወተው ወንድም ቀስ ባለ ድምፅ ያጅባል። በመካከል መብራት ይሄድና ጄኔሬተር ይነሣል። ኪቦርዱ ተመልሶ ሲበራ ግን ፔዳሉ ሌላ ጠባይ ይዟል። እግሩን ሲያነሣ ድምፁ ይንዛዛል፤ ሲረግጥ ደግሞ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ወንድማችን ይደነግጣል፤ ዘማሪዎቹም ዞር ብለው ያዩታል። ከአገልግሎቱ በኋላ «ፔዳሉ ተበላሽቷል» ተብሎ ዕቃ ክፍል ይጣላል፤ በሳምንቱ አዲስ እንዲገዛ ለሽማግሌዎች ጥያቄ ይቀርባል።

ፔዳሉ ግን ምንም አልሆነም። መፍትሔው ኪቦርዱን ማጥፋት፥ እግርን ከፔዳሉ ላይ ማንሣትና እንደገና ማብራት ብቻ ነበር። «አልሠራ አለ» ከሚባሉት ፔዳሎች ብዙዎቹ ከኪቦርዱ ጋር ያልተስማሙ ወይም በትክክለኛው ቅደም ተከተል ያልተሰኩ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ምክንያቱንና መፍትሔውን በዝርዝር እናያለን።

ፔዳሉ ምን ይሠራል?

በእውነተኛው ፒያኖ ውስጥ በየአውታሩ ላይ ድምፁን አፍኖ የሚያቆም ለስላሳ ፈልት ያረፈበት ክፍል አለ፤ ዳምፐር ይባላል። አንድ ቁልፍ ሲጫኑ የዚያ አውታር ዳምፐር ይነሣል፤ ጣትን ሲያነሡ ተመልሶ ያርፍና ድምፁ ይቆማል። የቀኙን ፔዳል ሲረግጡ ግን ሁሉም ዳምፐሮች በአንድ ጊዜ ይነሣሉ። ስለዚህ ጣት ከቁልፉ ቢነሣም ድምፁ ቀስ እያለ እስኪጠፋ ድረስ ይቀጥላል።

በኤሌክትሮኒክ ኪቦርድ ውስጥ አውታርም ዳምፐርም የለም። ፔዳሉ የሚያደርገው ለመሣሪያው «ተረግጧል» ወይም «ተለቅቋል» የሚል መልእክት መስጠት ነው። በ1983 እ.ኤ.አ. በወጣው ሚዲ በሚባለው የመሣሪያዎች መግባቢያ ሥርዓት ውስጥ ይህ መልእክት ቁጥር 64 ተሰጥቶታል። ዋጋው ከ0 እስከ 63 ከሆነ ፔዳሉ እንደተለቀቀ፥ ከ64 እስከ 127 ከሆነ እንደተረገጠ ይቆጠራል። ኪቦርዳችሁን ከኮምፒውተር ጋር አገናኝታችሁ የምትቀዱ ከሆነ ፔዳሉ መልእክት ማስተላለፉን በዚህ ቁጥር ማየት ትችላላችሁ።

የችግሩ ሥር፦ ፖላሪቲ

ተራው ሰስቴይን ፔዳል በውስጡ ያለው ነገር እንደ መብራት ማብሪያ ያለ ቀላል ስዊች ነው። ሁለት ሽቦ ይገባበታል፤ ከዚያ ያለፈ ነገር የለውም። ነገር ግን አምራቾች ሁለት ዓይነት አሠራር ይከተላሉ።

በአንደኛው ዓይነት ፔዳሉ ሳይረገጥ ሁለቱ ሽቦዎች ይገናኛሉ፤ ሲረገጥ ይለያያሉ። ያማሃ ኤፍሲ 4 እና ኤፍሲ 5 የተባሉት ፔዳሎች እንደዚህ ናቸው። በሁለተኛው ዓይነት ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሳይረገጥ የተለያዩ ናቸው፥ ሲረገጥ ይገናኛሉ። ይህ ልዩነት ፖላሪቲ ይባላል። የአንዱን ዓይነት ፔዳል ሌላውን ዓይነት በሚጠብቅ ኪቦርድ ላይ ስትሰኩ ሁሉ ነገር ተገልብጦ ይሠራል ማለት ነው።

ብዙ ኪቦርዶች ይህን ችግር ራሳቸው ይፈታሉ። ገና ሲበሩ ፔዳሉን ይፈትሹና በዚያች ቅጽበት ያገኙትን ሁኔታ «ያልተረገጠ» ብለው ይይዙታል። እንግዲህ መብራት ተመልሶ ኪቦርዱ ሲበራ እግራችን ፔዳሉ ላይ ከነበረ፥ መሣሪያው የተረገጠውን እንዳልተረገጠ አድርጎ ይመዘግባል። ከላይ ያየነው ወንድም የገጠመው ይኸው ነው። ኪቦርዱ ከበራ በኋላ ፔዳሉን የሚሰካም ሰው ተመሳሳይ ችግር ሊያገኘው ይችላል።

ሦስት የሚመሳሰሉ ፔዳሎች

ከመግዛታችን በፊት የፔዳሎቹን ዓይነት መለየት ይገባል።

1. ተራ ሰስቴይን ፔዳል፦ ሲረገጥ ይሠራል፥ ሲለቀቅ ተመልሶ ይነሣል። የጃኩ ውፍረት 6.35 ሚሊ ሜትር ሲሆን ጫፉ ላይ አንድ ጥቁር ቀለበት አለው፤ ሞኖ የሚባለው ነው። ለአብዛኞቹ የቤተ ክርስቲያን ኪቦርዶች የሚበቃው ይህ ነው።

2. ግማሽ ርግጫ የሚያውቅ ፔዳል፦ ምን ያህል እንደተረገጠ በደረጃ ለመሣሪያው ይናገራል። ለምሳሌ ያማሃ ኤፍሲ 3 እንዲህ ያለ ነው። ጃኩ ሁለት ጥቁር ቀለበት ያለው ስቴሪዮ ነው። የተሠራው ይህን ለሚቀበሉ ዲጂታል ፒያኖዎችና መሣሪያዎች ስለ ሆነ በተራ ኪቦርድ ላይ በትክክል ላይሠራ ይችላል።

3. የድምፅ መጠን ወይም ኤክስፕሬሽን ፔዳል፦ እንደ መኪና ነዳጅ መስጫ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንቀሳቀሳል፤ በተተወበት ቦታም ይቆያል። ያማሃ ኤፍሲ 7 የዚህ ዓይነት ነው። ድምፅን ከፍ ዝቅ ለማድረግ እንጂ ለሰስቴይን አይሆንም።

ደረጃ በደረጃ አሰካክ

1. ኪቦርዱን አጥፉ። በሳውንድ ሲስተም ላይ ከተሰካም በሚክሰሩ ላይ የኪቦርዱን ቻናል ዝቅ አድርጉ።

2. ከኪቦርዱ ጀርባ «ሰስቴይን»፣ «ዳምፐር»፣ «ሆልድ»፣ «ፉት ስዊች» ወይም «ፔዳል» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ቀዳዳ ፈልጉ። የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳም አንዳንዴ በመጠን ስለሚመሳሰል አትሳሳቱ። ፔዳሉ እዚያ ከተሰካ አይሠራም፤ በብዙ ኪቦርዶች ደግሞ የኪቦርዱ የራሱ ስፒከር ይዘጋል።

3. ጃኩን እስከ መጨረሻው ግፉት። ግማሹ ውጭ የቀረ ጃክ እንዳልተሰካ ይቆጠራል።

4. እግራችሁን ከፔዳሉ ላይ አንሡ፤ ምንም ዕቃ እንዳልተጫነውም እዩ።

5. ኪቦርዱን አብሩና የፒያኖ ድምፅ መርጣችሁ ሞክሩት።

መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ የምታገለግሉ ሁሉ ይህን ልማድ አድርጉት፦ መብራት ሲጠፋ እግር ከፔዳል ይነሣ፤ ኪቦርዱ በርቶ እስኪዘጋጅም አይመለስ።

ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው

ሲረግጡት ምንም ለውጥ የለም፦ በመጀመሪያ ቀዳዳውን አረጋግጡ። ቀጥሎ የመሣሪያውን የፔዳል ቅንብር ተመልከቱ። በትልልቆቹ ኪቦርዶች ላይ ፔዳሉን ለሌላ ሥራ፥ ለምሳሌ ስታይል ለማስጀመርና ለማቆም፥ መመደብ ይቻላል። ከእናንተ በፊት የተጫወተው አገልጋይ ቀይሮት ከሆነ ወደ ሰስቴይን መልሱት።

ተገልብጦ ይሠራል፦ አጥፍታችሁ እግር አንሥታችሁ አብሩት። ካልተስተካከለ ኪቦርዱ ፖላሪቲን በራሱ አያውቅም ማለት ነው። በቅንብሩ ውስጥ «ፖላሪቲ» የሚል ካለ ለውጡት። ለብዙ ኩባንያዎች ኪቦርድ እንዲሆኑ የተሠሩ አንዳንድ ፔዳሎችም ፖላሪቲ የምትቀይር ትንሽ ስዊች አላቸው።

በአንዳንድ ድምፅ ይሠራል፥ በሌላው አይሠራም፦ ይህ ብልሽት አይደለም። ቁልፉ ሲከፈል የግራ እጁ ድምፅና የስታይሉ አጃቢ በብዙ ኪቦርዶች ላይ ለፔዳሉ አይታዘዙም። ኦርጋን ደግሞ እንደ ፒያኖ በራሱ እየደከመ የማይሄድ ድምፅ ስለ ሆነ ፔዳሉ እስካልተለቀቀ ድረስ እየጮኸ ይቀጥላል።

ፔዳል ተረግጦ ሳለ ድምፆች ይቆራረጣሉ፦ እያንዳንዱ ኪቦርድ በአንድ ጊዜ ሊያሰማ የሚችለው የድምፅ ብዛት የተወሰነ ነው። 32 ድምፅ ብቻ በሚችል መሣሪያ ላይ ስታይል እየሠራ፥ ሁለት ድምፅ ተደርቦና ፔዳል ተይዞ ከተጫወታችሁ ቁጥሩ ቶሎ ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ አዲሱ ድምፅ ሲገባ የቀደመው ይቆረጣል። የተደረበውን ድምፅ አጥፉ፥ ፔዳሉንም ቶሎ ቶሎ ልቀቁ።

አንዴ ይሠራል፥ አንዴ ይተዋል፦ ብዙውን ጊዜ ገመዱ ከጃኩ ወይም ከፔዳሉ መግቢያ አጠገብ ውስጡ ተበጥሷል። ፔዳሉን ስታስቀምጡ ገመዱን አጥብቃችሁ አትጠምጥሙት። ኪቦርዱንም ፔዳሉ እንደ ተሰካ አታንሡት፤ ጃኩ ሲመታ በውስጥ ያለውን ብየዳ ሊነቅለው ይችላል።

ቀዳዳው ፈጽሞ የለም፦ በጣም ትንንሾቹ ኪቦርዶች የፔዳል መሰኪያ የላቸውም። አንዳንዶቹ በቅንብራቸው ውስጥ የሰስቴይን ምርጫ አላቸው፤ ድምፁን ጥቂት ያስረዝማል እንጂ እንደ ፔዳል በእግር አይታዘዝም።

አዲስ ከመግዛት በፊት በቴስተር መፈተሽ

የኤሌክትሪክ ሥራ የሚያውቅ ወንድም በየአጥቢያው አይጠፋም። ቴስተሩን ድምፅ በሚያሰማው መለኪያ ላይ አድርጎ አንዱን ጫፍ በጃኩ አፍ፥ ሌላውን በጃኩ አንገት ላይ ያስነካ። ፔዳሉ ሲረገጥና ሲለቀቅ በአንደኛው ብቻ ከጮኸ ፔዳሉ ጤነኛ ነው። ሳይረገጥ የሚጮኸው እንደ ያማሃው ያለው ነው፤ ሲረገጥ የሚጮኸው ሌላው ዓይነት ነው። በሁለቱም ካልጮኸ ገመዱ ተበጥሷል ወይም ስዊቹ ሞቷል፤ በሁለቱም ከጮኸ ደግሞ ሽቦዎቹ ተነካክተዋል።

ስዊቹ ከሞተም በአነስተኛ ገንዘብ ይተካል። ሦስት እግር ያለው ማይክሮ ስዊች ከተገኘ አንዱን ሽቦ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው በማዛወር ብቻ ፖላሪቲውን መለወጥ ይቻላል። የቤተ ክርስቲያን ገንዘብ የምእመናን መባ ነውና አምስት ደቂቃ ፈትሾ መግዛት ይሻላል።

ፔዳሉ ከሠራ በኋላ

የሚሠራ ፔዳል ተይዞ ዝማሬን ማበላሸትም አለ። ዋናው ሕግ እንዲህ ነው፦ አዲሱን ኮርድ በጣት ስትመቱ ፔዳሉን ልቀቁ፥ ወዲያውኑም መልሳችሁ ርገጡ። እግር ከእጅ ጥቂት ይዘገያል። እንዲህ ሲሆን የቀደመው ኮርድ ከአዲሱ ጋር አይደባለቅም፥ በመካከላቸውም ባዶ ክፍተት አይፈጠርም።

በእኛ ቅኝቶች ስንጫወት ደግሞ ልዩነቱን እናስተውል። ትዝታ ሜጀር (ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ) በውስጡ ግማሽ ድምፅ ስለሌለው ፔዳል ትንሽ ቢረዝምበትም ጆሮ ይታገሣል። አምባሰል (ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት) እና አንቺሆዬ (ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ) ግን ግማሽ ድምፅ የሚራራቁ ኖታዎች አሏቸው፤ ፔዳል ተይዞ ሲደራረቡ ይጋጫሉ። በእነዚህ ላይ ዜማውን በጣት አያይዙ፥ እግሩን ግን ቆጥቡ። ፈጣን ጭብጨባ ባለው መዝሙርም ፔዳሉን ጨርሶ መተው ይሻላል፤ ምቱን ያደበዝዛልና። ቤዝ ጊታር ካለም በፔዳል ተይዞ የሚንዛዛ የግራ እጅ ቤዝ ከእርሱ ጋር ይጋጫል።

በመጨረሻም ፔዳሉ በሚያዳልጥ ወለል ላይ እንዳይሸሽ ምንጣፍ ላይ አድርጉት ወይም በፕላስተር ያዙት።

በ1ኛ ዜና መዋዕል 25፥7 ላይ በእግዚአብሔር ቤት ለመዘመር የተማሩና የተካኑት ቁጥራቸው 288 እንደነበር እናነባለን። መሣሪያን ማወቅ የአገልግሎት ክፍል ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው እሑድ ከጉባኤው ቀደም ብላችሁ ድረሱ፤ ፔዳሉን ሰክታችሁ፥ እግር አንሥታችሁ፥ አብርታችሁ ሞክሩት። ዕቃ ክፍል የተጣለ ፔዳል ካለም አውጡና ፈትሹት፤ ምናልባት ጤነኛ ይሆናል።

ጌታ አገልግሎታችሁን ይባርክ።